ንግግር የለበትም

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ይቺን ደብተር የሰጠችኝ እህቴ እቴቴ ናት። «ከሰው ጋር ከምትላከፊ ከወረቀት ጋር ተላከፊ» አለችኝ። እሺ። ወረቀት ሆይ፣ ከአሁኑ ልልከፍሽ፦ ፊትሽ ገርጥቷል፤ መስመርሽም ጠማማ ነው።

ስራዬን ለሰው ሳስረዳ ሁሌ ይስቁብኛል፤ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ፣ አራት ሆነን ትልቅ የምንጮች መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። ሊቃውንቱ በየጽሑፋቸው የጠቀሱት መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ የተቀዳ ድምፅ ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል። የእኔ ስራ እያንዳንዱ ምንጭ በምን ቋንቋ እንደሆነ ምልክት መለጠፍ ነው። ምልክቱ ሦስት የላቲን ፊደል ናት። ዓለም የተስማማበት ሰንጠረዥ አለ፤ ቋንቋው ሁሉ ከነምልክቱ፣ ከነመደበኛ ስሙ ተደርድሯል። አንዱን ቋንቋ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ እኔ፣ ከአስረኛ ክፍል ያቋረጥኩት ልጅ፣ ቁጭ ብዬ ሊቃውንቱን አስታርቃለሁ። ሳቁ እንግዲህ።

ቋንቋ ላልሆነ ነገር ሳይቀር ምልክት አለው። የዝናብ ድምፅ፣ የወፍ ጩኸት፣ ባዶ ካሴት ሁሉ ዜድ ኤክስ ኤክስ ይባላል። «ንግግር የለበትም» ማለት ነው። ወይዘሮ ነጥብ ስብሰባ ስትመራ እኔ በልቤ ግንባሯ ላይ የምለጥፈው ይሄንኑ ነው።

ወይዘሮ ነጥብ አለቃችን ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። «አይቻልም። ነጥብ።» «ዓርብ ያልቃል። ነጥብ።» እቴቴ ቀሚስ ትሰፋላታለች፤ እኔም ስራውን ያገኘሁት በቀሚስ ነው። «ከዚህ ብትባረሪ የምሰፋው አፍሽን ነው» ብላኛለች እህቴ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

የቀሩትን ሁለቱን ላስተዋውቅ።

ገመዱ ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁሌ ገመድ የተጠመጠመበት። ሚስቱ በቅርብ ወልዳለች፤ ሕፃኗ አላስተኛ ስላለችው እዚህ መጥቶ ቁጭ እንዳለ ይተኛል። ዛሬ ሲያንቀላፋ የጫማውን ማሰሪያ ከወንበሩ እግር ጋር አሰርኩት። ወይዘሮ ነጥብ ስትገባ ደንግጦ ተነሳ፤ ወንበሩም አብሮት ተነሳ።

«አንቺ ቁንጫ! አንድ ቀን እጄ ላይ ትወድቂያለሽ!»

ቁንጫ እኔ ነኝ። ነክሼ እዘላለሁና።

ጋሽ ካሴት ደግሞ ሽማግሌያችን ነው። ዕድሜውን ሙሉ መቅረጫ በትከሻው አንጠልጥሎ የእናቱን መንደር ሲዞር የኖረ ሰው። የእናቱን ቋንቋ የሚናገሩ አልቀዋል፤ የቀሩት እሱና ታላቅ እህቱ ብቻ ናቸው። «የቤታችን አፍ» ይለዋል። ካሴቶቹን ሻጋታ ስለጨረሳቸው ገመዱ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠለትና ካሴቶቹ ግቢ ውስጥ ተቃጠሉ። ክብሪቱን የጫረው ራሱ ጋሽ ካሴት ነው።

ሰንጠረዡ ላይ የሱ ቋንቋ ምልክት የለውም። የጎረቤቶቹ ትልቅ ቋንቋ አለ፤ የሱ ከዚያ ስር በትንሹ ተወሽቋል። ስሙም ቢሆን ጎረቤቶቹ ያወጡላቸው ስድብ ነው፤ «ተብታቦች» እንደ ማለት ነው ይላል። ምልክቱን ለሚያወጡት ሰዎች ጽፏል። የራሳችን ምልክት፣ በራሳችን ስም፣ ብሎ። መልስ እስኪመጣ የድምፆቹ ፎልደር ላይ የቋንቋው ቦታ ባዶ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

መልስ መጣ! ጋሽ ካሴት ወረቀቱን አነበበ፤ አጣጠፈ፤ እንደገና ዘርግቶ አነበበ።

«ምነው ጋሼ፣ የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ?»

«ከሠርግ ይበልጣል። ስም ሊወጣልን ነው።»

ድምፆቹን አይተን እንወስናለን፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ላኩልን ነው የሚሉት። ከደስታው ብዛት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቶ የእናቱን ድምፅ አሰማኝ። እናቱ ዶሮ እየጠራች ነው። ትጠራለች፣ ትጠራለች፤ ከዚያ ትስቃለች፤ ታስላለች፤ ወሬ የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ወዲያው ተነስቼ አጠራሯን በድምፄ አስመሰልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ካሴት ራሱ እንባውን እየጠረገ፣ «እናቴ ብትሰማሽ በጥፊ ነበር የምትልሽ» አለ።

ጥሩ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ጦርነት። ኮምፒውተሩ ምልክት የሌለው ምንጭ አልቀበልም አለ።

«ለጊዜው የጎረቤታችሁ ምልክት ይለጠፍበት። ነጥብ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይለጠፍም።»

«አንድ መስመር ባዶ ከሆነ መጽሐፉ አይሄድም እኮ፣ ይገባሃል?»

«የሌላ ስም ለጥፌ ከላክሁት ምኑን ሌላ ቋንቋ ነው ብዬ ልከራከር? አንቺስ ይገባሻል?»

ነገሩ ለእኔም ገብቶኛል። ግን የሁለቱም ጆሮ ሲቀላ አለመሳቅ አቃተኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጋሽ ካሴት ሄደ። እህቱ በጠና ታማለች። ኮቱን እየለበሰ፣ «አንቺ ቁንጫ፣ እስክመለስ ፎልደሬን እንዳትነኪ። ስመለስ አብረን እንልከዋለን» አለኝ።

«ካልነካሁ ያሳክከኛል ጋሼ።»

«እከኪው።»

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ለጋሽ ካሴት መቀበያ አዘጋጀሁለት። ዶሮ ጥሪው ላይ «ንግግር የለበትም» ብዬ ለጠፍኩ። ተመልሶ ሲያየው! «እናቴን ከዶሮ ቆጠርሽብኝ!» እያለ ሲንጨረጨር ከአሁኑ ይታየኛል።

ስለጥፍ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ሁሌ ትጠይቃለች፤ ሁሌም እሺ እላታለሁ። ለካ «ከታች ባሉት ሁሉ ላይ ልድገመው?» ነበር ያለችው። ፎልደሩ ከላይ እስከ ታች ንግግር የለበትም፣ ንግግር የለበትም፣ ንግግር የለበትም።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ሳስበው ግን ይሄ ይበልጥ ያስቃል። ይየውና ይጩህ፤ ከዚያ እመልሰዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁላችንም በገመዱ ስም ስለምንገባ ማን እንዳደረገው እንኳ አያውቅም፤ ይገምት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ቤት ነኝ። ጥርሴ ደህና ነው፤ የሰነፈው ሌላው አካሌ ነው። እቴቴ ጉንጬን አገላብጣ አየችና፣ «ያበጠው ውሸትሽ ነው» አለች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ዛሬ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

እሺ።

ሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩ ሞልቶ አላሰራ አለ። ወይዘሮ ነጥብ ገመዱን፣ «ንግግር የሌለበትን ድምፅ ሁሉ አጥፋው፤ ዝናብና ወፍ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ነጥብ» አለችው። አጠፋው። መጠባበቂያው ኮፒ ደግሞ በየማታው ዋናውን እያየ ራሱን ያስተካክላል፤ ዋናው ላይ የሌለ እሱም ላይ አይኖርም። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ገመዱን እንደ ቀልድ እየጎነተልኩ ጠይቄው ነው።

«ምነው ጠየቅሽ?»

«ወፎቹ ናፈቁኝ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ አድርጌ ሳቅኩ።

የጋሽ ካሴትን ፎልደር ከፈትኩት። ስሞቹ ብቻ ቀርተዋል። ስትነካቸው ዝም ነው።

ጋሽ ካሴት ቤቱ ኮፒ አያጣም። እንደሱ ያለ ሰው ኮፒ ሳይዝ አያድርም። ደግሞ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ያጠፋው ገመዱ ነው። አጥፋ ያለችው ወይዘሮ ነጥብ ናት። እኔ የለጠፍኩት ሦስት ፊደል ነው።

ምልክቶቹን አንስቼ እንደ ድሮው ባዶ አደረግኋቸው። ነገሩ ሥርዓት እንዲይዝ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ጋሽ ካሴት ተመለሰ። ጥቁር ለብሷል። ወይዘሮ ነጥብ ሳትቀር ተነስታ አቀፈችው።

«አሁን እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ገመዱ፣ «አይዞህ ጋሼ፣ እኛ አለን አይደል?» አለው።

«አላችሁ። በምን እናወራለን?»

እኔ መልስ የማጣ ልጅ አልነበርኩም። እስክሪብቶ ወደቀብኝ ብዬ ጠረጴዛ ስር ገባሁ። እዚያ ትንሽ ቆየሁ። የገመዱ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር፤ አሰርኩለት። በደንብ ነው ያሰርኩት፣ ከወንበሩ ጋር አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

«ቁንጫ፣ ያቺን እናቴም እህቴም ያሉባትን ክፈቺልኝ እስቲ። ውሃ ስለ መቅዳት የተጣሉባትን።»

«ማዳመጫው ተበላሽቷል ጋሼ።»

«ያለ ማዳመጫ ይሁን።»

«ወይዘሮ ነጥብ ትጮሃለች።»

«ትጩህ። ዛሬ ማን ይሰማታል?»

«ነገ ጋሼ። ነገ ሌላ ማዳመጫ አመጣልሃለሁ። በሞቴ።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለቱ ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ማዳመጫውን ሽንት ቤት ወስጄ ሽቦውን መነጨቅኩት። ተበላሽቷል ያልኩት ውሸት እንዳይሆን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

«ጋሼ፣ ቤት ኮፒ አለህ አይደል?»

«የት አባቴ! እዚህ ይሻላል፣ እዚህ አይጠፋም ብዬ አይደል ካሴቶቹን ያቃጠልኩት?»

ራሱ ነው የጫረው። ራሱ። ይሄን እኔ አላደረግኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ምሳ ስንወጣ ብቻውን ቀርቶ ከፈተው። ስንመለስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ስክሪኑን እያየ ነበር። አልጮኸም። እኔ ስንት ቀን በልቤ የሰማሁት ጩኸት አልመጣም።

«የለም» አለ ብቻ። «አንዷም የለችም።»

ገመዱ ሮጦ መጥቶ ነካካው፣ ነካካው። ላብ በአፍንጫው ወረደ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ወይዘሮ ነጥብ በር ዘግታ ሁላችንንም አስቀመጠች።

«እኔ ያጠፋሁት ንግግር የለበትም የሚለውን ብቻ ነው» አለ ገመዱ። «ሌላ አልነካሁም። በልጄ እምላለሁ።»

«ጋሽዬ ባዶ ትቶት ነው የሄደው። አሁንም ይኸው፣ ባዶ ነው። የታል ንግግር የለበትም የሚለው? አሳየኝ!» አለችው ወይዘሮ ነጥብ።

ገመዱ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ደግሞ አየ። «ባዶ ነው» አለ፣ ለራሱ።

ባዶ ያደረግኩት ነገሩ ሥርዓት እንዲይዝ ነበር ብያለሁ። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ታገደ። በዚህ ሳምንት ይሰናበታል አሉ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ገመዱ ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ደረጃው ላይ አገኘሁት። ላልፈው ነበር፤ በካርቶኑ መንገድ ዘጋብኝ።

«ታውቂያለሽ ቁንጫ፣ ሳስበው እኔው ነኝ። ልጅቷ ስታለቅስ አድራ ነበር ያን ሰሞን። እያንቀላፋሁ ሌላ ፎልደር መርጬ ይሆናል። ምልክቱን አየሁ ብዬ እምል ነበር… ግን ሰው በእንቅልፍ ልቡ ምን የማያየው አለ? አንቺ እንኳ ስንት ጊዜ ስተኛ አይተሽኛል።»

«አይቼሃለሁ» አልኩ።

ይቺን ብቻ ነው ያልኩት። እውነት ናት። አይቼዋለሁ።

ማታ እቴቴ ስፌቷን አቁማ ተመለከተችኝ። «ምነው ዛሬ አንድም ሰው አላማሽም? አሞሻል?»

«ጥርሴን።»

«የቱን?»

አንዱን አሳየኋት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ጋሽ ካሴት ከትዝታው እየቆፈረ ይጽፋል። እናቱ ያለችውን፣ እህቱ የመለሰችውን። ይጽፍና ይሰርዛል። ምልክት አውጪዎቹ የሚፈልጉት ግን ድምፅ ነው፤ የሽማግሌ ትዝታ ምንጭ አይባልም፤ ይሄን እሱም ያውቃል።

ድንገት ቀና ብሎ፣ «ያን የዶሮውን አሰሚኝ እስቲ» አለኝ።

«የቱን ጋሼ?»

«እናቴን። ያኔ ያስመሰልሻትን።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጠራሁ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«መጨረሻው ላይ ከፍ ታደርገዋለች» አለ።

ከፍ አድርጌ ደገምኩ።

«እንደሱ። አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ደገምኩ። ወይዘሮ ነጥብ በሩን ከፈተች፣ አየችን፣ መልሳ ዘጋችው። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ስለነበር የመጨረሻው ጥሪ ደም ደም አለኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

«ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ የጎረቤቱ ምልክት ይለጠፍ። ነጥብ።»

ጋሽ ካሴት አልተከራከረም። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ትንሿ ሳጥን ብቅ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ መዝገበ ቃላት ከፍቼ እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ለጠፍኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ተናገርኩ።

ጠዋት ሳልቀመጥ ወይዘሮ ነጥብ ቢሮ ገባሁ። «ገመዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። የዶሮውን፣ የሳጥኗን፣ ባዶ ማድረጌን፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

መነጽሯን አወለቀች። ፊቷ ለስለስ አለ። እንዲህ ያለ ፊት እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ልብሽ ጥሩ ነው» አለች። «የልጅ አባት ስለሆነ አዝነሽለት ነው። ግን እዚህ ቤት ከመጣሽ ጀምሮ አንድ ቀን የምርሽን አውርተሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው የቢሮው ጣሪያ ሊደረመስ ነው ብለሽ ጃንጥላ አላስያዝሽኝም?»

«ይሄ የምር ነው።»

«ያኔም የምር ነው ብለሽ ነበር። ሂጂ ስራሽን ስሪ። ነጥብ።»

«ኧረ ይስሙኝማ—»

«ነጥብ አልኩ።»

በሩ ጋ ስደርስ ትንሽ ስትስቅ ሰማኋት። በፍቅር ነው የሳቀችው። እሱ ነው የባሰው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ገመዱ ደወለ። ወሬው ደርሶታል። «አንቺ ቁንጫ፣ ለእኔ ብለሽ እንዲህ ማድረግሽን አልረሳውም» አለ። ሕፃኗ ከበስተኋላ ታለቅሳለች።

«ለአንተ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።»

«ተይ እንጂ። ሚስቴ እንኳ አለቀሰች ስነግራት። አሁን ሌላ ቦታ ጠይቄያለሁ፤ ለምን ወጣህ ሲሉኝ ምን እንደምላቸው ነው ያስቸገረኝ። አጠፋሁ ነው የምላቸው። ሌላ ምን እላለሁ?»

ጮህኩበት። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ ደደብ፣ እኔ ነኝ እያልኩ። እሱ የሚስቀውን ሳቅ ሳቀ። «እንደሱ ነው እንጂ፤ ስድብሽ ናፍቆኝ ነበር» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ ጋሽ ካሴት ቤት ሄድኩ። አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተ። ጢሙ አድጓል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ፤ ግቢ እንጂ።»

«አይ፣ ማለቴ እኔ ነኝ። ድምፁን ያስጠፋሁት። ንግግር የለበትም ብዬ ለጠፍኩበት፤ ገመዱም የሚጠፋ መስሎት አጠፋው።»

አልሳቀም። ትቀልጃለሽ ወይ አላለኝም። ከሁሉም ሰው እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ አመነኝ።

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

«ለምን?»

«ለማሳቅ።»

«ማንን?»

«እርስዎን» አልኩ። አንቱ ብዬው አላውቅም ነበር።

የበሩን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ በቤታቸው አፍ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቃሉን ከሩቅ እንደሚያመጣ። ቀጥሎ ፈጠን እያለ። አንድ ቦታ በጣቶቹ እየቆጠረ የሆነ ነገር ዘረዘረ፤ ሰዎች ይሁኑ ጥፋቶቼ ይሁኑ አላውቅም። አንድ ቦታ ድምፁ ከፍ ብሎ ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዞራ አየችን። አንድ ቦታ ደግሞ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። እርግማን ይሁን፣ ምክር ይሁን፣ የእህቱ ሞት ይሁን፣ አንዲት ቃል አልያዝኩም።

ይሄ እንኳ ይትረፍ ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ልቀዳው። ንግግሩን ሳያቋርጥ ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው፣ ከበሩ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ ደፋው፣ ቀጠለ።

ሲጨርስ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ለካ በመጨረሻ ጠይቆኝ ነው። መልስ እየጠበቀ ነበር። ከተናገረው ሁሉ የገባኝ መጠበቁ ብቻ ነው። ብዙ ጠበቀ።

ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘጋው።

ስልኬ ከበሩ ጀርባ ቀርቷል። አላንኳኳሁም።